ልጆቻችን በሌላ ሰው ማሊያ፦ የአንድ የናሽናልስ ደጋፊ ሐሳብ ስለ ተቀናቃኞቹ

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ርእሱ ቤዝቦል ነው ሲባል ግማሾቻችሁ ለእራቱ ብላችሁ እንደመጣችሁ ይገባኛል። ምንም አይደል። እራቱ እስኪቀርብ ስለ ተቀናቃኞቼ ላውራችሁ።

እኔ የዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊ ነኝ። ስለ ቡድኔ እንድናገር ነበር የተጠራሁት። ግን ስለ እኛ የሚወራው አጭር ነው፤ በ2025 ከ162 ጨዋታ 66 አሸነፍን፣ 96 ተሸነፍን። በቃ። በዚያ ላይ ምን ይጨመራል? ስለዚህ ወሬውን ወደ ጎረቤት አዞርኩት። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ለዚህ ከተማ ሐበሻ ናሽናልስ የሰፈር ቡድን ነው። ከዩ ስትሪት አረንጓዴውን የሜትሮ መስመር የያዘ ሰው ባቡር ሳይቀይር ኔቪ ያርድ ይወርዳል፤ ስቴዲየሙ እዚያው ነው። የብዙዎቻችን ልብ ግን እንግሊዝ ነው ያለው። ቅዳሜ ጠዋት ለአርሰናል የምትነሱ ሰዎች ማታ ጥቂት ፌርማታ አልፎ ያለውን ጨዋታ አታዩም። አልፈርድም። ቤዝቦል መጀመሪያ ሲያዩት ሰዎች ቆመው የሚተክዙበት ነገር ይመስላል።

ለእግር ኳስ ሰው ሦስት ነገር ልንገረውና ልለፍ። አንደኛ፣ አቻ የለም። ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም ዘጠኝ ዙር፣ ተጫውተው እኩል ከሆኑ አንዱ እስኪያሸንፍ ይቀጥላሉ። ሁለተኛ፣ ወራጅ የለም። የመጨረሻው ቡድን ለሚቀጥለው ዓመት እዚያው ነው፤ እንዲያውም ወጣት ተጫዋቾች ሲከፋፈሉ ከፊት ከሚመርጡት ወገን የመሆን ዕድሉ ይሰፋል። ሦስተኛው ዋናው ነው። በፕሪሚየር ሊግ የዓመቱ ጨዋታ 38 ነው። እዚህ 162 ነው። ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ድረስ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይጫወታሉ። ጎበዝ የሚባለው ቡድን 60 ጊዜ ይሸነፋል። ደካማው 60 ጊዜ ያሸንፋል። አንድ ሽንፈት ላይ ተቀምጦ የሚያለቅስ ሰው ለዚህ ጨዋታ አይሆንም።

በምድባችን አምስት ነን። እኛ፣ ፊላደልፊያ ፊሊስ፣ ኒውዮርክ ሜትስ፣ አትላንታ ብሬቭስ፣ ማያሚ ማርሊንስ። ከእያንዳንዳቸው ጋር በዓመት 13 ጊዜ እንገናኛለን። እስከ 2022 ድረስ 19 ጊዜ ነበር። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች ከዘመዶቼ የበለጠ ነው የማያቸው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ተቀናቃኞቻችን በ2026 ምን ይሆናሉ ተብዬ ስጠየቅ፣ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ማን ማንን አስፈረመ የሚለውን ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ሌላ ነገር ነው። ዋናው ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው፣ ጁን ላይ ሲጎዳ የሚተካው ማነው? እሱስ ሲጎዳ? በ162 ጨዋታ ውስጥ የሚጎዳ ሰው አይጠፋም። ፒቸር ደግሞ ከሌላው ሁሉ በላይ ይጎዳል፤ ክንድ ለዚያ ዓይነት ውርወራ አልተፈጠረም። ኮከቡ ፖስተር ላይ ይሰቀላል፤ ዓመቱን የሚወስነው ግን ስሙን ማንም የማያውቀው ሰባተኛውና ስምንተኛው ፒቸር ነው።

ይህን ከሜትስ ላሳያችሁ፤ ምክንያቱም ከ2025 ሁሉ የሚጣፍጠው የሜትስ ታሪክ ነው። የሜትስ ደጋፊ ካለ አስቀድሜ ይቅርታ።

ከሁዋን ሶቶ ልጀምር። ሶቶ የኛ ልጅ ነበር። ገና 21 ዓመቱ ሳለ ወርልድ ሲሪስን፣ ማለትም የዓመቱን ዋንጫ፣ አሸነፍንበት። በኋላ ናሽናልስ የ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት አቀረበለት፤ አልፈልግም አለ። በኦገስት 2022 ለሳንዲዬጎ ተሰጠ። በዲሴምበር 2024 ሜትስ በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። በስፖርት ታሪክ እንዲህ ያለ ኮንትራት አልታየም ነበር። እዚህ ከተማ ውስጥ ያን ቀን ያልተናደደ ደጋፊ አላውቅም። ናሽናልስ ቢከፍለው ኖሮ የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። 440 ሚሊዮንን እምቢ ብሎ 765 ያገኘ ሰው ሂሳብ አዋቂ ነው፤ ምን ይባላል?

እሺ። ጁን 12 ቀን 2025 ሜትስ 45 አሸንፎ 24 ተሸንፎ ነበር። ያን ቀን ከ30ዎቹ ቡድኖች ሁሉ የተሻለው ውጤት የሱ ነበር። ያን ቀን ይጫወት የነበረውም ከኛ ጋር ነው፣ ኒውዮርክ ላይ። ኳሷን የሚወረውረው ጃፓናዊው ኮዳይ ሴንጋ ነው፤ በዚያ ሰዓት በጨዋታው ሁሉ እንደሱ ነጥብ የማይቆጠርበት ፒቸር አልነበረም። የኛው ሲጄ ኤብራምስ ኳሷን መሬት ለመሬት መታት። የነሱ ፒት አሎንሶ አነሳና ወደ ፈርስት ቤዝ፣ መቺው ሮጦ ሊደርስበት ወደሚሞክረው የመጀመሪያ ማረፊያ፣ ወረወረ። ሴንጋ ቤዙን ሊሸፍን እየሮጠ ነበር። ኳሷ ከፍ አለችበት። ዘለለ፣ ያዛት፣ ቤዙን ረገጠ፣ የኤብራምስ ተራ አለቀ። ከዚያ ሴንጋ የጭኑን ጀርባ ይዞ ወደቀ።

ያን ጨዋታ ሜትስ አሸነፈ። ልብ በሉ፣ አሸነፈ። የተሸነፍነው እኛ ነን። ማንም ሰው ያን ማታ «የሜትስ ዓመት ዛሬ ተበላሸ» አላለም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሜትስ 38 አሸንፎ 55 ተሸነፈ። ሴንጋ ተመልሶ መጣ፤ የድሮው ሴንጋ ግን አልነበረም፤ በሴፕቴምበር ወደ ታችኛው ሊግ ላኩት። ሌሎቹ ፒቸሮችም አንዱ ሲድን ሌላው ይጎዳል፤ ጤነኛው ደግሞ አምስት ኢኒንግ ሳይሞላ ይወጣል። ያን ጊዜ ሥራው ሁሉ በተተኪዎቹ ላይ ይወድቃል፤ እነሱም ይደክማሉ። መጨረሻ ላይ ከታችኛው ሊግ የመጡ ልጆችን ወደ እሳቱ ከተቱ። ከነሱ ውስጥ ኖላን ማክሊን የሚባለው በጣም ጎበዝ ነው፤ ስሙን ያዙት። ግን አንድ ልጅ ዓመት አያድንም።

ሶቶስ? ሶቶ 43 ሆም ረን መታ፤ ኳሷን ከአጥር ውጭ መላክ ማለት ነው። 38 ቤዝ ሰረቀ፤ ማለትም ማንም ሳይመታለት ሮጦ ቀጣዩን ቤዝ ያዘ። በጥፋቱ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። የ765 ሚሊዮኑ ሰው ሥራውን ሠራ፤ ቡድኑ ግን ቤቱ ቀረ። እኔ ደጋግሜ የማነሳው ይህንን ነው። በቅርጫት ኳስ አንድ ሰው ቡድን ይሸከማል። በቤዝቦል መቺ በዘጠኝ ሰው አንዴ ነው ተራው የሚደርሰው። ገንዘብህን ሁሉ በአንድ መቺ ላይ ብታፈስ እሱ አራት ወይም አምስት ጊዜ መትቶ ተቀምጦ ያያል።

የመጨረሻው ቀን ሴፕቴምበር 28 ነበር። ሜትስ ማያሚ ላይ ነው። ቢያሸንፍ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም የዋንጫው ጥሎ ማለፍ፣ ይገባል፤ ተፎካካሪው ሲንሲናቲ ያን ቀን ተሸንፎለታል። መንገዱ ወለል ብሎ ተከፍቶለታል! 4 ለ 0 ተሸነፈ። ሁለቱም 83 አሸንፈው 79 ተሸንፈው ጨረሱ፤ እርስ በርስ ሲጋጠሙ ብልጫ የነበረው ሲንሲናቲ ስለነበር እሱ አለፈ። እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። 96 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ደጋፊ ሌላ ምን ደስታ አለው?

እዚህ ላይ ስለ ማያሚ አንድ ነገር። ማርሊንስ ስቴዲየሙ ባዶ፣ ደመወዙ ትንሽ፣ ሰው የማያወራለት ቡድን ነው። ግን በ2007 በመጨረሻው ቀን ሜትስን ያስቀረው ማርሊንስ ነው። ሜትስ 17 ጨዋታ ሲቀረው በሰባት ጨዋታ ይመራ ነበር። የመጨረሻ ቀን ቶም ግላቪን የሚባለው ታላቅ ፒቸር በመጀመሪያው ኢኒንግ ብቻ ሰባት ነጥብ ተቆጠረበት። በ2008ም በመጨረሻው ቀን ያስቀረው ማርሊንስ ነው። በ2025ም ማርሊንስ። አንድ የሜትስ ደጋፊ ጓደኛ አለኝ፤ ማያሚ ለዕረፍት እንሂድ ሲሉት አይሄድም።

ማርሊንስ ራሱ እንቆቅልሽ ነው። ከ1993 ጀምሮ አንድም ቀን ምድቡን በአንደኝነት ጨርሶ አያውቅም። ወርልድ ሲሪስ ግን ሁለቴ ወስዷል፣ በ1997 እና በ2003። በሁለቱም ጊዜ በጎን በር ነው የገባው። በ1997 ዋንጫ በወሰደ ማግስት ተጫዋቾቹን ሸጦ ጨረሰ፤ በ1998 ደግሞ 108 ጨዋታ ተሸነፈ። የራስህን ቤት ከሠራህ በኋላ በሩንና መስኮቱን እየነቀልክ እንደመሸጥ ነው። በ2025 79 አሸነፉ፤ ማንም ያን ያህል አልጠበቀባቸውም። ልጆች ናቸው፤ ይሮጣሉ። ባለቤቶቹ ካልሸጧቸው አደጋ ናቸው። ባለቤቶቹ ግን ይሸጣሉ። ስለነሱ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ወደ ፊላደልፊያ እንምጣ። እዚያ ጥግ ላይ የፊሊስ ኮፍያ ያደረግከው ወንድሜ፣ ተራህ ደርሷል።

ፊላደልፊያ ማለት ለኔ የተሰደዱ ልጆቻችን ሰፈር ነው። ብራይስ ሃርፐር፣ የኛ። ትሬይ ተርነር፣ የኛ። ካይል ሽዋርበርም ለግማሽ ዓመት የኛ ነበር፤ በጁን 2021 በ18 ጨዋታ 16 ሆም ረን መታልን፤ ከዚያ ተጎዳ፣ ከዚያ ለቦስተን ተሰጠ፣ ከዚያ ፊላደልፊያ ገባ። በ2025 ለነሱ 56 ሆም ረን መታ። ተርነር ደግሞ በዚያው ዓመት በሊጉ አንደኛ መቺ ሆነ። እንደ ደጋፊ ይህን ቁጭ ብሎ ማየት ቀላል አይደለም።

ሃርፐር በ2019 መጀመሪያ ላይ በ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ዶላር ፈረመላቸው። ኤፕሪል 2 ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ ስቴዲየሙ በሙሉ ጮኸበት። መጀመሪያ የኛ ፒቸር ማክስ ሸርዘር ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን መለሰው። ደስ አለን። ከዚያ ሆም ረን መታና ዱላውን አሽቀንጥሮ ጣለው። ዝም አልን። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 24 ቀን ግን በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ አሸንፈናቸው ፕሌይኦፍ ገባን፤ እነሱም ያን ቀን ከውድድር ወጡ። በሁለተኛው ጨዋታ ባለ አራት ነጥቡን ሆም ረን የመታው ተርነር ነው። ያው ዛሬ የነሱ የሆነው ተርነር! በኦክቶበር እኛ ዋንጫ ወሰድን። ሃርፐር በሄደበት በመጀመሪያው ዓመት። ፊላደልፊያ 81 አሸንፎ 81 ተሸነፈ። ያን ዓመት ማንም አይወስድብኝም።

ከዚያ በኋላ ግን የነሱ ሰዓት መጣ። በ2022 ወርልድ ሲሪስ ደርሰው በሂውስተን ተሸነፉ። በ2023 ወርልድ ሲሪስ ለመድረስ አንድ ድል ሲቀራቸው በአሪዞና ተሸነፉ። በ2024 ምድቡን ወስደው በሜትስ ወደቁ። በ2025 96 አሸንፈው ምድቡን ወስደው በሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወደቁ፤ በ11ኛው ኢኒንግ አንድ ወጣት ፒቸር ወደ ፈርስት ቤዝ መወርወር ሲገባው ወደ ሆም፣ መቺው ወደሚቆምበት፣ ወርውሮ ኳሷ አመለጠች፤ ዓመቱ እዚያ ላይ አለቀ። በየዓመቱ በር ላይ ይደርሳሉ፤ አይገቡም።

ይህ ቡድን አሁን ምን ላይ ነው? ሃርፐር በኦክቶበር 2025 33 ሞላው። ሽዋርበርና ተርነርም እዚያው ናቸው። ሽዋርበር በዲሴምበር 2025 እንደገና ለአምስት ዓመት ፈርሟል። ዋናው ፒቸራቸው ዛክ ዊለር በኦገስት 2025 ክንዱ አካባቢ ደም ረግቶበት ተገኘ፤ ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ ያኔ ዕድሜው 35 ነበር። የምለው ይገባችኋል? መስፈርቴን አትርሱ፤ ዋናው ሲወድቅ ማን ይገባል? ፊላደልፊያ ለዚህ ጥያቄ ለጊዜው መልስ አለው። በ2025 ዊለር ወጥቶም ምድቡን በ13 ጨዋታ ልዩነት ነው የወሰደው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ጥሩ ዓመት አላቸው። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ የረጅም ጊዜ ኮንትራት ከነዕድሜው ይከፈላል። የተርነር ኮንትራት የሚያልቀው በ40 ዓመቱ ነው።

ስለ ደጋፊዎቻቸው ግን አንድ ነገር ልመስክር፤ ጠላትም ቢሆን ይመሰከርለታል። የፊላደልፊያ ደጋፊ ምሕረት የለውም ይባላል። ተርነር በ2023 ሲመጣ አልሆነለትም። 300 ሚሊዮን የተከፈለው ሰው ኳስ አልነካ አለው። ኦገስት መጀመሪያ ላይ፣ ሁሉም ይጮሁበታል ብሎ ሲጠብቅ፣ ስቴዲየሙ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበለት። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። በኋላ በከተማው ውስጥ በትላልቅ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች አመሰገናቸው። እኛ ናሽናልስ ፓርክ ውስጥ እንዲህ እናደርግ ነበር? እንጃ። እኛ ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ ተነስተን ወደ ባቡሩ ነው የምንሄደው።

የምፈራው ቡድን ግን ከነዚህ አንዱም አይደለም። የምፈራው አትላንታን ነው።

ጋሼ፣ ጭንቅላትዎን ሲነቀንቁ እያየሁ ነው። በ2025 ብሬቭስ 76 አሸንፎ 86 ተሸነፈ። ዓመቱን በሰባት ተከታታይ ሽንፈት ነው የጀመረው። አራተኛ ወጣ። ታዲያ ምን ያስፈራል? እስቲ ይስሙኝ።

በጁላይ 2021 ምን እንደሆነ ላስታውሳችሁ። የአትላንታው ኮከብ ሮናልድ አኩኛ ጉልበቱ ተበጠሰ። ቡድኑ ግማሽ በግማሽ ላይ ነበር፤ ካሸነፈው የተሸነፈው ይበልጥ ነበር። በዚያ ሰዓት እኛም አትላንታም አንድ ዓይነት ችግር ውስጥ ነበርን። እኛ ምን አደረግን? ሸርዘርንና ተርነርን አንድ ላይ ጠቅልለን ለዶጀርስ ሰጠን። ሽዋርበርን ለቦስተን። ሱቁን ዘጋን። እነሱስ? ማንም የማይፈልጋቸውን አራት የሜዳ ጫፍ ተጫዋቾች በርካሽ ሰበሰቡ። ፒደርሰን፣ ዱቫል፣ ሮዛሪዮ፣ ሶሌር። ከዚያ በኦክቶበር ሸርዘርና ተርነር የሚጫወቱበትን ዶጀርስ አሸነፉ። በዚያ ግጥሚያ ኮከብ የተባለው ሮዛሪዮ ነው። በወርልድ ሲሪሱ ኮከብ የተባለው ሶሌር ነው። በ88 ድል ዋንጫ ወሰዱ። ዶጀርስ ያን ዓመት 106 አሸንፎ ነበር።

ከ2018 እስከ 2023 ስድስት ዓመት በተከታታይ ምድባችንን የወሰደው ይህ ቡድን ነው። በ2022 ሜትስ በአሥር ጨዋታ ተኩል ሲመራ ነበር፤ ደርሰው ያዙት። በ2025 የወደቁት ለምንድን ነው? የፒቸሮቻቸውን ስም ዝርዝር ያየ ሰው የሆስፒታል መዝገብ ያየ ይመስለዋል። ክሪስ ሴል ጎድኑ ተሰበረ። ሽዌለንባክ ክርኑ ተሰነጠቀ። ሎፔዝ ትከሻው። አምስት ስድስት ሰው አንድ ዓመት ውስጥ! ማንም ቡድን ያንን አይችልም። እንዲህ ሆኖም ከመካከላቸው ድሬክ ቦልድዊን የሚባል ኳስ ተቀባይ ወጥቶ የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ሲታመሙ እንኳን አዲስ ሰው ያወጣሉ። ሲድኑስ? አሠልጣኛቸው ብራያን ስኒትከር ወርዷል፤ በቦታው ዋልት ዋይስ ገብቷል። ያ ለውጥ ብዙ የሚያናውጣቸው አይመስለኝም።

የኛስ ነገር? በጁላይ 2025 ዋናው ሥራ አስኪያጅና አሠልጣኙ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። ሁለቱም የ2019 ሰዎች ናቸው። አሁን አሠልጣኛችን ብሌክ ቡቴራ ነው፤ ሲሾም 33 ዓመቱ። ከሃርፐር ጋር እኩያ ማለት ነው። በሶቶ ምትክ ካገኘናቸው ልጆች ጄምስ ዉድ 31 ሆም ረን መቷል፤ ደግሞም 221 ጊዜ ኳስ ስቶ ወጥቷል፤ ለታሪኩ ክብረ ወሰን ሁለት ቀረው። በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብለው እንዳይመታ አሳለፉት። እንዲህ የሚደረገው ለሚፈራ ሰው ነው። ኤብራምስም አለ። መስፈርቴን በራሴ ቡድን ላይ ሳውል ግን አፍራለሁ። ዋናው ፒቸር ሲወድቅ ማን ይገባል? እኛ ዘንድ ዋናው ራሱ ማን እንደሆነ እንጃ።

«ታዲያ በ2019ስ?» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። እውነት ነው። በሜይ 2019 ኒውዮርክ ላይ ሜትስ አራት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈን፤ 19 አሸንፈን 31 ተሸንፈን ነበር። በ93 ድል ጨርሰን ዋንጫ ወሰድን። ስለዚህ ሜይ ላይ ማንንም አልቀብርም፤ ሜትስንም ጭምር። ግን ያኔ ሸርዘር፣ ስትራስበርግና ኮርቢን ነበሩን። የዛሬው ያ አይደለም።

ስለ ባልቲሞር ማንም እንዳይጠይቀኝ። አሎንሶን ከሜትስ ወስደዋል፤ ደግ አደረጉ። ምድባቸው ሌላ፣ ሊጋቸው ሌላ ነው። ጎረቤት ናቸው እንጂ ተቀናቃኝ አይደሉም።

የ2026 ግምቴን እነሆ። አትላንታ አንደኛ፣ ፒቸሮቹ ግማሾቹ እንኳ ከዳኑ። ፊላደልፊያ ሁለተኛ፣ በጥቂት ጨዋታ ልዩነት፤ ፕሌይኦፍ ይገባሉ። ሜትስ ሦስተኛ፤ እንደገና ብዙ ገንዘብ፣ እንደገና ሴፕቴምበር ላይ ጥፍር ማኘክ። ማያሚ አራተኛ። እኛ አምስተኛ፣ ግን 66 ሳይሆን ከ70 በላይ እናሸንፋለን። በጁላይ መጨረሻ የዝውውሩ ጊዜ ሲደርስ ኤብራምስን ከሸጡ ግን ይህንንም ሰርዙት።

የማይስማማ ካለ ማይኩ እዚያ ነው። የፊላደልፊያ ደጋፊዎች መጨረሻ ላይ።